ከፋይ

ሥራዬ ሰም መግፈፍ ነው።
በሰም የተቀበረች፣ የምስር ፍሬ የማታህል ሥጋ
ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስቼ ስሸርፍ፣ ሲመሽ ሲነጋ፣
ቅኔ ቤት ሳልገባ ኖርኩት፣ ዕድሜዬን ወርቅ ፍለጋ።

ከቸርችል ጎዳና ዳገት፣ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣
አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ እግሩ የላላ ወንበር ባለበት፣
ውጭ ረዳቱ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላል፤
እኔ ከሰው ትንሹ አንጀት።

ጤነኛውን ላሳያችሁ፤ መጀመሪያ ጤናው ይታይ፤
ልሙጥ ቧንቧ እንዳይመስላችሁ፤ ውስጡ ከፋይ ነው፣ ከፋይ።
ጠጉሩ ጥቅጥቅ ብሎ የቆመ፤ ጠጉሩ ሁሉ ጣት ነው፤
ያለፈውን እህል ውሃ ዳብሶ፣ ለይቶ፣ ለደም የሚያቀብለው።
ከጣቶቹ ግርጌ ጉድጓድ አለ፣ አዲስ ሕዋስ የሚወለድበት፤
ሽቅብ ወጥቶ፣ ጫፍ ደርሶ፣ ይረግፋል በአራት በአምስት ዕለት።
ሰው አንድ አንጀት ይዞ የሚኖር ይመስለዋል፤ ማን ነግሮት
በየሳምንቱ አዲስ ገበር ከውስጡ እንደሚሰፋለት።

ትርሲት ወንድይፍራው፣ ዕድሜ ዐሥራ አንድ፣ ይላል ወረቀቱ።
ለዓይን ሰባት አይሞላትም፤ ቆማ ነበር ከካርድ ክፍሉ ፊት ለፊቱ።
ጃርዲያ ተባለ አንድ ሰሞን፣ አሜባ ተባለ ሌላ ጊዜ፤
ሽሮፑም ጠበሉም ተሞከረ፤
ሆዷ ከበሮ፣ ክንዷ ክር፣ ዓይኗ የትልቅ ሰው ትካዜ።

አባቷ ካባ ሰፊ ነበር፣ ዶሮ ማነቂያ ሳይፈርስ በፊት፤
ለስንት ሙሽራ ከፋይ የቆረጠ፣ መርፌ ያስረጀው ጣት።
«ከፋይ ማን ነው?» ብትለው ገንዘብ ያዧ ከመስኮት፣
«ከፋዩማ አለቀ፣ ልጄ፤ ገበሩ ነው የቀረኝ» አላት።
ሳቀች። እሱም ሳቀ።
እኔ በኮሪደሩ ሳልፍ ሰማሁት።

አጎንብሼ አየሁ።
ጣት የለም።
የከፋዩ ጠጉር ረግፏል፤ ሜዳ ነው ዳር እስከ ዳሩ፤
ጉድጓዶቹ ብቻ ጠልቀዋል፣ ያጡትን ለመውለድ ሲጣጣሩ፤
ዘበኞቹ ነጭ ሕዋሳት ቤቱን ሞልተው፣ ቤቱን ሲያፈርሱ አደሩ።
ጠላታቸውስ?
ዳቦ ነው።
ትምህርት ቤት በማለዳ የምትታደለው፣ ትኩሱ፣
አክስቷ ከዝክር ቋጥራ በፌስታል ያመጣችላት፣ ማካሮኒው፣ በሶው ሳይቀር፤
ሁሉም በፍቅር ነው የሰጣት። ሁሉም በፍቅር።

ማታ በእግሬ ወጣሁ ሽቅብ። ሰፈሩም ሜዳ ሆኗል።
በጭብጥ መሬት ላይ ስንት ቤት፣ ስንት ጓዳ፣ ስንት ደረጃ ታጥፎ ኖሯል!
አንጀትም እንዲሁ ነው፤ ታጥፎ፣ ተጣጥፎ ነው ሰው የሚያኖር።
አሁን ልሙጥ ነው፤ መብራቱ፣ ዘንባባው፤ ያምራል፣ ለእውነት ለመናገር።
መንገደኛው ያልፍበታል።
ያልፋል፤ የሚይዘው የለም።

ሐሙስ ዕለት አባትየው ወረደ። ሐኪሙ ቀድሞ ነግሮታል፤
ከስንዴ፣ ከገብስ መራቅ፤ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ሩዝ ይበቃታል።
እኔን ሊጠይቅ የመጣው ሌላ ነው፤ «ጠጉሩ ይመለሳል?»
«ጉድጓዱ አልሞተም፣ ጋሼ፤ ከሥር ከሥሩ ይበቅላል።»
«ያለ ሰፊ?»
«ያለ ሰፊ።»
ዝም አለ። በመስኮቷ የመንገደኛ እግር አየ፣ ብዙ እግር፣
ወደ ድሮ ሱቁ በኩል ሲነጉድ።
ምንም አልጠየቀኝም ከዚያ በቀር።

ትርሲት ከቦርሳዋ ግማሽ ዳቦ አውጥታ
«በቃ እርስዎ ይብሉት» ብላ ሰጠችኝ።
እስካሁን ከማይክሮስኮፑ አጠገብ ነው፤ ደርቋል።
አልበላሁትም፤
እሱ ግን አንጀቴን በላኝ።